ያጠኑት ፈተና ላይ ሲጠፋ፦ የክለሳ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ታሪክን፣ ጂኦግራፊንና ባዮሎጂን በመሳሰሉ ሽምደዳ በሚበዛባቸው ትምህርቶች ውጤት ሲበላሽ ጥፋቱ ሁሉ በስንፍና ይሳበባል፤ የችግሩ ምልክት በጥሞና ከታየ ግን ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የአጠናን ስልት ሆኖ ይገኛል።

ሲያነቡት የሚታወቅ፣ ደብተሩ ሲዘጋ የሚጠፋ ከሆነ

ምክንያቱ ደጋግሞ ማንበብ ብቻ ነው። ገጹን ዓይን ይለምደዋል፤ ያለ ገጹ መመለስ መቻል ግን ሌላ ነገር ነው። አንዱ እያነበበ ሌሎቹ ራሳቸውን የሚነቀንቁበት የቡድን ጥናትም ከዚህ አይሻልም። መፍትሄው ደብተሩን ዘግቶ ራስን መጠየቅ ነው። ባሕር ዳር ላይ ከጣና ዳር ተቀምጦ የሚያጠና ተማሪ ሐይቁን በባዶ ወረቀት ነድፎ ግልገል ዓባይን ከደቡብ፣ ጉማራንና ርብን ከምሥራቅ፣ መገጭን ከሰሜን አስገብቶ፣ ዓባይን በከተማው በኩል አስወጥቶ ከመጽሐፉ ጋር ቢያመሳክር፣ የሳተውን ወንዝ ወዲያውኑ ይለያል፤ ቀጣዩን ጥናትም ከዚያው ይጀምራል።

ዓመታት የሚምታቱ ከሆነ

እዚህ ላይ የማስታወስ ድክመት ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል። ተማሪው ከቤቱ የሰማው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲሆን፣ በእንግሊዝኛ የተዘጋጀው መጽሐፍ የሚጠቀመው ግን የአውሮፓውያኑን ነው። ልዩነቱ ከመስከረም ጀምሮ የአውሮፓውያኑ አዲስ ዓመት እስኪገባ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ነው። የአምባላጌ ውጊያ ኅዳር 28 ቀን፣ የአድዋ ድል ደግሞ የካቲት 23 ቀን የሆኑት በአንድ ዓመት፣ በ1888 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓውያኑ ግን የመጀመሪያው በ1895፣ ሁለተኛው በ1896 ይውላል። ሁልጊዜ 8 የሚቀንስ ተማሪ አምባላጌን ወደ 1887 ይወስደዋል። ስለዚህ ሁለቱም አቆጣጠሮች ከነወራቸው ጎን ለጎን ይጻፉ፤ ክስተቶቹም በምክንያትና ውጤት ይያያዙ። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 ጠቡን እንዴት እንዳስነሳ የተረዳ ሰው ቅደም ተከተሉን በቀላሉ አይስትም።

ትናንት የታወቀው ከሳምንት በኋላ የሚጠፋ ከሆነ

ጥናቱ በአንድ ሌሊት ስለታጨቀ ነው። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኸርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናቱ እንዳሳየው፣ መርሳት የሚፈጥነው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ነው። ያንኑ ሰዓት ከፋፍሎ በማግሥቱ፣ ከጥቂት ቀናት በኋላና በሳምንቱ ራስን መፈተን ይበጃል።

የምርጫ መልሶች ሁሉ የሚመሳሰሉ ከሆነ

ምዕራፎቹ ለየብቻ ስለተጠኑ ነው። ሁለቱን የሕዋስ ክፍፍል ዓይነቶች፣ ማይቶሲስንና ሜዮሲስን፣ በአንድ ሠንጠረዥ አስቀምጦ ልዩነታቸውን ብቻ መጻፍ፣ ከዚያም የሁለቱን ጥያቄዎች ቀላቅሎ መሥራት ይበቃል።