የናፍጣ መኪና ታይሚንግ ምልክት፦ ትክክለኛውን ከአሳሳቹ መለየት

ቤልት ተቀይሮለት በማግስቱ ጠዋት ነጭ ጭስ እየተፋ አልነሳ የሚል የናፍጣ መኪና ሲገጥም፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ታይሚንጉ፣ ማለትም ቤልቱ የሚያያይዛቸው የሞተር ክፍሎች ጊዜያቸውን ጠብቀው መዞራቸው፣ አንድ ጥርስ መዛነፉ ነው። ችግሩ ምልክት መጥፋቱ አይደለም፤ መብዛቱ ነው። በውጪው ፑሊ (ቤልት የሚዞርበት መዘውር) ላይ ጭረት አለ፣ በውስጠኛው ባለ ጥርስ ፑሊ ላይ ነጥብ አለ፣ የቀድሞው መካኒክ የቀባው ነጭ ቀለም አለ፣ አዲሱ ቤልት ላይም የታተመ መስመር አለ። ከእነዚህ አንዱ ብቻውን ታይሚንግ አይወስንም። የክራንክ ሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ)፣ የካም ሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) እና የፖምፓው (ናፍጣ ወደ ሲሊንደሮቹ የሚገፋው) ምልክቶች፣ ሲሊንደር ቁጥር 1 ኮምፕሬሽን ላይ፣ ማለትም አየሩን አምቆ፣ ሆኖ፣ ሦስቱም በአንድ ጊዜ መግጠም አለባቸው።

እዚህ የምንከተለው በሂሉክስና በዶልፊን ሃይስ ላይ የሚገኘውን የቶዮታ ኤል ሞተር ነው፤ 2ኤል 2,446 ሲሲ፣ 3ኤል 2,779 ሲሲ፣ 5ኤል 2,986 ሲሲ ነው። ሦስቱም ባለ አራት ሲሊንደር ሲሆኑ የማቃጠል ቅደም ተከተላቸው 1-3-4-2 ነው። አካሄዱ ለሌላም ባለ ቤልት ናፍጣ ይሠራል፤ የምልክቶቹ ቦታ ግን ከሞተር ሞተር ይለያያል። ስለዚህ ቤልት ከመገዛቱ በፊት በብሎኩ ላይ የተመታውን የሞተር ቁጥር አጽድተው ያንብቡ። ሊብሬው ላይ ያለውን ብቻ አይመኑ። ሞተሩ ተቀይሮ ሊብሬው ሳይስተካከል የቀረበት መኪና አለ፣ የሌላ ሞተር ቤልት ይዞ መቆም ደግሞ ቀኑን ይበላል።

መኪናው ደልዳላ ቦታ ይቁም፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ይሁን፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ ይግባ፣ የባትሪው ኔጌቲቭ ይፈታ። አራቱንም ካንዴላዎች (ለማስነሳት ማቃጠያውን የሚያሞቁትን) ቢያወጡ ሞተሩ በእጅ ያለ ትግል ይዞራል። የኤል ሞተር የኮምፕሬሽን መጠን ከ22 ለ1 በላይ ስለሆነ ካንዴላ ሳይወጣ ሲዞር ቁልፉ እየዘለለ ምልክቱን ያሳልፋል። ሲያዞሩ በክራንኩ ብሎን ብቻ፣ ከራዲያተሩ በኩል ሲታይ በሰዓት አቅጣጫ ይሁን። በካሙ ብሎን ማዞር ቤልቱን ያለ አግባብ ይወጥረዋል፣ ብሎኑንም ሊያላላው ይችላል።

ጽዳቱን አይዝለሉት። ጂማ አካባቢ ካሉት ከማና ወይም ከሊሙ በክረምት ቡና ጭኖ የሚመላለስ መኪና የታች ሽፋኑ ከተሰነጠቀ ውስጡ በደረቀ ቀይ ጭቃ ይሞላል፤ ጭቃው በዘይት ከራሰ ደግሞ የተቀረጸ ነጥብ ፈጽሞ አይታይም። ቤልቱ የሚጣል ከሆነ በብሩሽና በትንሽ ቤንዚን ፑሊዎቹን ያጽዱ። አዲሱ ቤልት ግን ቤንዚንም ናፍጣም ሊነካው አይገባም። የዘይቱ ምንጭ የክራንኩ ወይም የካሙ ኦይል ሲል (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው ቀለበት) ከሆነ አሁኑኑ ይቀየር፣ አለዚያ አዲሱም ቤልት በዘይት ይበላሻል። የቀድሞውን ሰው የቀለም ምልክት ሙሉ በሙሉ ያጥፉት፤ በየትኛው ሁኔታ ላይ እንደተቀባ አይታወቅም። የፋብሪካው ምልክት የተቀረጸ ወይም የተመታ ነው፤ ጥፍር ሲያስኬዱበት ይሰማል። እሱን ካገኙ በኋላ ብቻ በነጭ ቀለም ያድምቁት።

ቀጥሎ ቶፕ ማግኘት ነው። መካኒክ ቶፕ የሚለው ፒስተኑ ወጥቶ የላይኛው ጫፍ የደረሰበትን ነጥብ ነው። ፒስተን ቁጥር 1፣ ማለትም ለራዲያተሩ የቀረበው፣ በአንድ ሙሉ ዑደት ሁለት ጊዜ ቶፕ ይደርሳል፦ አንዴ ኮምፕሬሽን ላይ፣ አንዴ ጭስ አስወጥቶ ሲጨርስ። ክራንኩ ሁለት ጊዜ ሲዞር ካሙና ፖምፓው አንድ ጊዜ ስለሚዞሩ፣ የክራንኩ ጭረት ከጠቋሚው ጋር ገጥሞ ካሙ ግማሽ ዙር ሊርቅ ይችላል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ክራንኩን አንድ ሙሉ ዙር ይጨምሩ። ኮምፕሬሽን መሆኑን ለማረጋገጥ የቴስታታውን (ቫልቮቹ ያሉበትን የሞተሩን የላይ ክፍል) ክዳን ከፍተው ይመልከቱ፦ የቁጥር 1 ሁለቱም ቫልቮች ተዘግተው ካሙ ሳይጫናቸው መቆም አለበት፣ የቁጥር 4ቱ ደግሞ አንዱ ሊዘጋ ሌላው ሊከፈት ሁለቱም ገርበብ ብለው ይገኛሉ። ክዳኑን ሳይከፍቱ ማወቅ ከፈለጉ የቁጥር 1 ካንዴላ በወጣበት ቀዳዳ ላይ ጣትዎን አድርገው ረዳትዎ ክራንኩን ያዙር፤ አየር ጣትዎን ገፍቶ የሚወጣበት አመጣጥ ኮምፕሬሽኑ ነው። ቤልቱ ከተበጠሰ ግን ቫልቮቹ ቆመዋልና የጣቱ ዘዴ አይሠራም።

ቶፕ ላይ እንደቆመ ሦስቱን ይመልከቱ። የክራንኩ ፑሊ ጭረት ከሽፋኑ ጠቋሚ ጋር፣ የካሙ ፑሊ ምልክት ከኋላው ከተቀረጸው ምልክት ጋር፣ የፖምፓው ፑሊ ምልክትም እንዲሁ ከኋላው ካለው ጋር ይገጥማል። አንድ ፑሊ ለተለያዩ ሞተሮች ሲሠራ ሁለት ሦስት ምልክት ሊኖረው ይችላል። እንዲህ ከሆነ አሮጌው ቤልት ሳይወርድ፣ ሞተሩም ደህና ይሠራ ከነበረ፣ የትኛው ምልክት እንደሚገጥም በስልክ ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡ።

ፎቶው ለሌላም ይጠቅማል። ምልክትን ከላይ አዘንብሎ ማየት ግማሽ ጥርስ ያህል ያሳስታል፤ ግማሽ ጥርስ የሚመስለው ደግሞ ወዲያ ወይ ወዲህ ወደ ሙሉ ጥርስ ስህተት ይገፋል። በዶልፊን ሞተሩ ወንበር ሥር ስለሆነ ዓይን ከምልክቱ ትይዩ መድረስ አይችልም። ስልኩን ከፑሊው መሐል ትክክል ይያዙት፣ ወይም ትንሽ መስታወት ያስገቡ።

የውጪው ፑሊ ራሱ የሚዋሽበት ጊዜ አለ። ፑሊው በመሐሉና በጠርዙ መካከል ጎማ ያለው ከሆነ፣ ጎማው ሲላቀቅ ጠርዙ ይንሸራተትና ጭረቱ ቦታውን ይስታል። ካሙና ፖምፓው እርስ በርሳቸው ተስማምተው ክራንኩ ብቻ የማይገጥም ከመሰለ ይህን ይጠርጥሩ፦ የውጪውን ፑሊ አውልቀው በውስጠኛው ባለ ጥርስ ፑሊ ላይ ያለውን ምልክት ያንብቡ። በዚያው አጋጣሚ ፑሊውን ከክራንኩ ጋር የሚያስረውን ትንሽ ብረት፣ ኪይ የሚሉትን፣ ይፈትሹ። ኪዩ ወይም ማረፊያው ከተበላ ምልክቱ በትክክል ተነቦም ታይሚንጉ ይዛነፋል። በኤል ሞተር በካንዴላ ወይም በኖዝል (ናፍጣ የሚረጨው) ቀዳዳ ቀጭን ዘንግ ሰድዶ ፒስተኑን መንካት እንደማይቻልም ይወቁ፤ ቀዳዳዎቹ የሚገቡት ወደ ትንሿ ማቃጠያ ክፍል እንጂ በቀጥታ ወደ ፒስተኑ አይደለም። የቤንዚን ሞተር የለመደ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።

ቤልቱ ተበጥሶ የመጣ ከሆነ ምልክት ከመፈለግ በፊት ሌላ ጥንቃቄ አለ። ፒስተን ቶፕ ላይ እያለ ካሙን ማዞር ቫልቭ ያጣምማል። መጀመሪያ ክራንኩን በዝግታ 90 ዲግሪ ከቶፕ ያርቁ፤ አራቱም ፒስተኖች መሐል አካባቢ ይሆናሉ። እግረ መንገድዎን የሚይዝ ነገር ከተሰማዎት አያስገድዱ። ከዚያ ካሙን ወደ ምልክቱ ያምጡ፣ ፖምፓውንም እንዲሁ፣ በመጨረሻ ክራንኩን በቅርቡ መንገድ ወደ ቶፕ ይመልሱ። ሞተሩ እየሠራ የተበጠሰ ከሆነ ቫልቮቹ ተመትተው ሊሆን ስለሚችል ኮምፕሬሽን ሳይለካ አዲስ ቤልት ገብቶ ሥራው አለቀ አይባልም።

አዲሱን ቤልት ሲያስገቡ ወጣሪው በሌለበት ወገን ያለው ቤልት ሳይላላ ተወጥሮ ይቀመጥ፤ ልልነቱ ሁሉ ወጣሪው ወዳለበት ወገን ይሂድ። ካሙ በቫልቭ ስፕሪንግ ግፊት፣ ፖምፓውም በራሱ ስፕሪንግ፣ ቤልት ሲወርድ ትንሽ ሊፈናጠሩ ይችላሉ፤ ረዳት በቁልፍ ይያዛቸው። የወጣሪውን ብሎን ላላ አድርገው ስፕሪንጉ ራሱ ቤልቱን እንዲወጥር ይተዉት፣ ክራንኩን በእጅ በሰዓት አቅጣጫ ሁለት ሙሉ ዙር አዙረው ወደ ቶፕ ይመልሱ፣ ሦስቱን ምልክቶች እንደገና ያንብቡ፣ ከገጠሙ ብሎኑን ያጥብቁ። ቶፕን ትንሽ ካለፉት ወደ ኋላ አይመልሱ፤ ሁለት ዙር እንደገና ይሂዱ። በቤልቱ ላይ የታተሙት መስመሮች ከዚህ በኋላ ከፑሊዎቹ ምልክት ጋር ባይገጥሙ አይደንግጡ፤ መስመሮቹ ለማስገቢያ ብቻ ያገለግላሉ፣ ተመልሰው የሚገጥሙት ከብዙ ዙር በኋላ ነው። በፑሊዎች ላይ የተቀረጹት ግን በየሁለት ዙሩ መመለስ አለባቸው።

የአንድ ጥርስን ክብደት ለማወቅ የክራንኩን ፑሊ ጥርሶች ቆጥረው 360ን ለቁጥራቸው ያካፍሉ። 24 ጥርስ ካለው አንዱ ጥርስ 15 የክራንክ ዲግሪ ነው። ፖምፓውን በማረፊያው ላይ ጋደል በማድረግ የሚገኘው ማስተካከያ ግን ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው። ስለዚህ ሞተሩ እንዲነሳ ፖምፓው እስከ መጨረሻው መጋደል ካስፈለገው፣ የተዛነፈው ጥርስ ነውና ተመልሰው ቤልቱን ይክፈቱ። ጥርሱ ልክ ከሆነ በኋላ የቀረውን ትንሽ ልዩነት የሚለካው ዳያል ጌጅ (ጥቃቅን ርቀት የሚለካ መሣሪያ) ነው፦ ከፖምፓው ኋላ ያለችው መሐለኛ ብሎን ወጥታ ጌጁ ይገባል፣ ክራንኩ ከቶፕ ወደ 30 ዲግሪ ቀድሞ ቆሞ ጌጁ ዜሮ ይደረጋል፣ ከዚያ ወደ ቶፕ ሲመጣ የሚነበበው ለሞተሩ ከተሰጠው ቁጥር ጋር ይነጻጸራል። ቁጥሩ በመቶኛ ሚሊሜትር የሚነበብ ስለሆነ በግምት አይሞከርም፣ ከሞተሩ ማኑዋል ይወሰድ።

ፖምፓው ከዘገየ ጠዋት ለመነሳት ያስቸግራል፣ ያልተቃጠለ ናፍጣ የሚሸት ነጭ ጭስ ያወጣል፣ ጉልበቱም ይደክማል። ከቀደመ ደግሞ ይነሳል ግን በኃይል ያንኳኳል፤ በዚያ ሁኔታ ወደ ጊቤ በረሃ አቀበት ማውጣት ፒስተኑንና የቴስታታውን ጋስኬት አደጋ ላይ ይጥላል። ጥቁር ጭስን ግን ወዲያው ከታይሚንግ ጋር አያያይዙ። ጂማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በአንድ አምስተኛ ያህል ያነሰ ነው፤ ተርቦ የሌለው ሞተር አቀበት ላይ ቢያጠቁር አስቀድሞ የአየር ፊልትሮው ይታይ።

ቤልቱ በኋላ ጥርስ የሚዘልበት አንድ መንገድም አለ፦ ጂማ ውስጥ ወደ ጅሬን በሚያወጣው ዳገት ላይ አፍንጫው ወደ ላይ ሆኖ በአንደኛ ማርሽ ብቻ የቆመ መኪና ወደ ኋላ ሲንሸራተት ሞተሩን በግልባጭ ያዞረዋል፣ የቤልቱም ልልነት ወጣሪ ወደሌለበት ወገን ይዞራል። የእጅ ፍሬንና የጎማ ድንጋይ የሚያስፈልገው ለዚህም ነው።

የኢሱዙ የጭነት መኪኖች አብዛኞቹ በቤልት ፋንታ እርስ በርሱ የተያያዘ ጥርስ አላቸው። በእነሱም ነጥብ ከነጥብ ይገጥማል፣ መሐል ያለው አዛዋሪ ጥርስ ነጥብ ግን በየሁለት ዙሩ አይመለስም፤ ስለዚህ ሲገጠም አንድ ጊዜ በትክክል ይነበባል፣ ከዚያ የሚታየው የክራንክና የካም ምልክት ነው።

ሽፋኑ ከመዘጋቱ በፊት ካንዴላዎቹን መልሰው፣ የቆጣሪውን ኪሎሜትርና ቀኑን በማይለቅ ቀለም በሽፋኑ ላይ ይጻፉ። የሚቀጥለው ቅያሪ 100,000 ኪሎሜትር ሲሞላ ነው፤ ዳሽቦርዱ ላይ የቲ-ቤልት መብራት ያለው መኪናም በዚሁ ርቀት ያበራልና አሁኑኑ ዜሮ ይደረግ።