ኮንቨርተሩ ነው ወይስ ሌላ? የአውቶማቲክ ካምቢዮ ችግርና መፍትሄ

አውቶማቲክ መኪና ሲያስቸግር ቶሎ የሚሰማው ፍርድ «ካምቢዮው አልቋል» የሚል ነው። ካምቢዮው ወርዶ፣ ፍሪሲዮኖቹ ተቀይረው፣ ችግሩ እንዳለ የሚመለስበት ጊዜ አለ፤ ጥፋቱ በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ካለው ቶርክ ኮንቨርተር ነበርና። የተገላቢጦሹም ይደርሳል፦ በአረጀ ዘይት ወይም በአንዲት የፍሬን መብራት ስዊች ምክንያት ደህና ኮንቨርተር ይጣላል። ስለዚህ ከመፍታት በፊት መለካት ይቀድማል።

ውስጡ እንዴት ይሠራል?

ሞተሩ የሚያዞረው ኢምፔለር ዘይቱን ወደ ዳር ይወረውራል። ዘይቱ ፊት ለፊት ያለውን ተርባይን ይመታል፤ ተርባይኑም የካምቢዮውን ዘንግ ያዞራል። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ተራ የፈሳሽ ማያያዣ በሆነ ነበር፤ የተሰጠውን የማዞር ጉልበት ያስተላልፋል እንጂ አይጨምርበትም። ኮንቨርተር ያሰኘው በመሃል ያለው ስቴተር ነው። መኪናው ሊነሳ ሲል ከተርባይኑ የሚመለሰው ዘይት ኢምፔለሩን በተቃራኒው ይገፋዋል፤ ስቴተሩ ግን ዘይቱን ጠምዝዞ በሚያግዝ አቅጣጫ ይመልሰዋል። በዚህ የተነሳ የማዞር ጉልበቱ እስከ ሁለት እጥፍ ገደማ ያድጋል። ተርባይኑ የኢምፔለሩን ፍጥነት 90 በመቶ ያህል ሲደርስ፣ ስቴተሩ በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያዞረው መያዣው ላይ ተለቅቆ ከዘይቱ ጋር አብሮ ይዞራል። በመጨረሻም ሎክአፕ የሚባለው ፍሪሲዮን ተርባይኑን ከኮንቨርተሩ ክዳን ጋር ያጣብቅና መንሸራተቱን ያስቀረዋል።

መነሳት፣ አብሮ መዞር፣ መቆለፍ። አብዛኛው የኮንቨርተር ብልሽት ከእነዚህ በአንዱ ላይ ስለሚታይ፣ ችግሩ መቼ እንደሚመጣ ማወቅ ግማሽ ምርመራ ነው።

ሁሉም ከዘይቱ ይጀምራል

መኪናውን ሜዳ ቦታ ያቁሙ፤ ሞተሩና ካምቢዮው በደንብ ይሙቁ። ፍሬን ይዘው ማርሹን በየቦታው ካዞሩ በኋላ ወደ ፒ ይመልሱትና ሞተሩ እየሠራ ይለኩ። አብዛኞቹ ቶዮታዎች የሚለኩት እንዲህ ነው፤ መለኪያ ዘንግ የሌላቸው ደግሞ በመመሪያቸው በተጻፈው ሙቀት ከታች ባለው የመፍሰሻ ቡሎን ይለካሉ። ዘይቱ ቢጎድል አየር ይገባና አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ደግሞ ጉልበት አያስተላልፍም። የተቃጠለ ሽታና ጥቁር ቀለም ፍሪሲዮን መበላቱን ያሳያል።

ከቆመበት ሲነሳ ይደክማል፣ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ግን ደህና ይሄዳል

ምክንያቱ የስቴተሩ መያዣ በሁለቱም አቅጣጫ መልቀቁ ሊሆን ይችላል። ስቴተሩ ካልያዘ ኮንቨርተሩ ጉልበት ማባዛቱ ይቀራል፤ የሚመለሰው ዘይትም ሞተሩን ያፍነዋል። ማረጋገጫው የስቶል ሙከራ ነው፤ ይህም መኪናው በፍሬን ተይዞ ሳለ ሞተሩ የሚደርስበትን ከፍተኛ ዙር መለካት ነው።

ዘይቱ ከ50 እስከ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሁን። አራቱንም ጎማ በድንጋይ ወይም በእንጨት ያስደግፉ፣ የእጅ ፍሬን ይሳቡ፣ በግራ እግር ፍሬኑን አጥብቀው ይርገጡ፤ ከመኪናው ፊትም ከኋላም ሰው አይቁም። ማርሹን ዲ ላይ አድርገው ነዳጁን እስከ ወለሉ ይርገጡና ዙሩ የቆመበትን ቁጥር ያንብቡ። ከ5 ሰከንድ አያሳልፉ፤ በዚያች ጊዜ የሞተሩ ጉልበት በሙሉ ወደ ሙቀት እየተለወጠ ነው። ኤን ላይ አድርገው ቢያንስ አንድ ደቂቃ ካቀዘቀዙ በኋላ በአር ይድገሙት።

ቁጥሩን ከመኪናው መመሪያ ጋር ያስተያዩ። በዲም በአርም ከመመሪያው ዝቅ ካለ፣ ወይ ሞተሩ ደክሟል ወይ ስቴተሩ አይይዝም፤ ከ600 ዙር በላይ ከጎደለ ጥርጣሬው ወደ ስቴተሩ ያደላል። በሁለቱም ከበዛ የዘይት መጠኑን ወይም ግፊቱን ይመርምሩ። በአንዱ ማርሽ ብቻ ከበዛ የሚንሸራተተው የዚያ ማርሽ ፍሪሲዮን እንጂ ኮንቨርተሩ አይደለም።

አዲስ አበባ ላይ ግን አንድ ነገር መታሰብ አለበት። ከተማዋ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ በ20 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተርም ጉልበቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል። ኮንቨርተሩ የሚሸከመው ጉልበት ከዙሩ ስኩዌር ጋር ስለሚሄድ፣ የ20 በመቶ ጉድለት የስቶል ዙሩን በ10 በመቶ ገደማ ያወርደዋል። መመሪያው 2,400 የሚለው መኪና እዚህ 2,150 ገደማ ቢያሳይ ጤነኛ ነው። ይህን ሂሳብ ሳይሠሩ ኮንቨርተር ማስወረድ የባለቤቱን ገንዘብ ማቃጠል ነው።

መነሳቱ ጥሩ ነው፣ ሲፈጥን ግን ይታነቃል፣ ካምቢዮውም ይግላል

ይህ የቀደመው ተቃራኒ ነው፦ ስቴተሩ ተጣብቆ አልዞር ብሏል። የስቶል ዙሩ ልክ ስለሚሆን ሙከራው አይገልጠውም። የአየር ማጣሪያ፣ የነዳጅ ግፊትና የተደፈነ ካታላይዘርም (የጭስ ማጣሪያው) ይህንኑ ምልክት ስለሚያመጡ መጀመሪያ እነሱን ያጣሩ። ስቴተሩ መሆኑ ከተረጋገጠ መፍትሄው ኮንቨርተሩን መለወጥ ነው።

ከ50 እስከ 80 ኪሎ ሜትር፣ ነዳጅ በስሱ ሲሰጥ ይንቀጠቀጣል

ኮረኮንች ላይ እንደመሄድ ያለ አጭር ንዝረት ነው። ብዙ ጊዜ ካንዴላ ወይም ኮይል ይለወጥበታል። መለያው ቀላል ነው፦ ከኋላ መኪና በሌለበት ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ነዳጁን ሳይለቁ በግራ እግር የፍሬኑን ፔዳል የፍሬን መብራት እስኪበራ ብቻ ይንኩ። ኮምፒውተሩ ሎክአፑን ይለቃል። ንዝረቱ ወዲያው ከቆመ ሎክአፑ ነው፤ ከቀጠለ ካንዴላና ኮይል ይፈትሹ።

ሎክአፕ የሚንቀጠቀጠው ዘይቱ አርጅቶ ፍሪሲዮኑ እየያዘ እየለቀቀ ሲያስቸግር ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ዘይቱን ይለውጡ። ነገር ግን የታችኛውን ቡሎን ፈትቶ ማፍሰስ የሚያወጣው ከጠቅላላው 40 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ የቀረው ኮንቨርተሩ ውስጥ ይቆያል። ሦስት ጊዜ፣ በየመሃሉ ጥቂት እየነዱ፣ ቢለውጡ ከአሮጌው የሚቀረው ከሩብ በታች ይሆናል። የዘይቱ ዓይነት ከመጠኑ እኩል ያስፈልጋል፦ ቲ ፎር የሚፈልገው ቶዮታ ደብሊው ኤስ አይሰጠው፤ የሲቪቲ ካምቢዮ ያለው ቪትዝም የሲቪቲ ዘይት እንጂ የተራ አውቶማቲክ ዘይት አይገባውም። ከዚህ በኋላም ንዝረቱ ከቀጠለ የሎክአፑ ፍሪሲዮን ራሱ ተበልቷል።

ረጅም መንገድ ላይ ዙሩ ይበዛል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ወይም ኮድ ፒ0741 ይወጣል

ሎክአፑ አልቆለፈም። በ80 ኪሎ ሜትር ቋሚ ፍጥነት ያንኑ የፍሬን ሙከራ ሲያደርጉ ዙሩ ከፍ ብሎ መመለስ አለበት፤ ካልተንቀሳቀሰ ቀድሞውኑ አልተቆለፈም ማለት ነው። ሎክአፑን በኤሌክትሪክ ከሚያዝዘው ሶሌኖይድ በፊት ሁለት ርካሽ ነገሮችን ይመልከቱ። የፍሬን መብራቱ ሳይረገጥ የሚበራ ከሆነ ስዊቹ ኮምፒውተሩን «ፍሬን ተይዟል» እያለ ያሳስተዋል። ሁለተኛው ቴርሞስታት ነው። «ሞተር ያግላል» ተብሎ አውጥቶ መጣሉ በየጋራዡ የተለመደ ቢሆንም፣ ሞተሩ በቂ ሙቀት ካልደረሰ ኮምፒውተሩ ሎክአፕ አይፈቅድም። ቴርሞስታቱን ይመልሱ።

ማርሽ ውስጥ ሳለ ሲቆም ሞተሩ ይጠፋል

በማኑዋል መኪና ፍሪሲዮን ሳይረግጡ እንደማቆም ነው፦ ሎክአፑ ተቆልፎ ቀርቷል። የሎክአፑን ሶሌኖይድ ሶኬት ለሙከራ ይንቀሉ። ችግሩ ከጠፋ ጥፋቱ ሶሌኖይዱ ወይም የሚያዝዘው ሽቦ ነው፤ ካልጠፋ ቫልቩ ተጣብቋል ወይም ፍሪሲዮኑ አልለቅ ብሏል።

ሌሎች ምልክቶች

አድሮ ጠዋት ማርሽ ሲገባ የሚዘገይ ከሆነ ዘይቱ ሌሊት ከኮንቨርተሩ ወደ ታች ፈስሷል፤ መጠኑን ከለኩ በኋላ የመመለሻ ቫልቩን ይፈትሹ። በሚኒሞ የሚንኳኳ ድምፅ የላላ የኮንቨርተር ቡሎን ወይም የተሰነጠቀ ፍሌክስፕሌት (ኮንቨርተሩ ከሞተሩ ጋር የሚታሰርበት ሳህን) ሊሆን ስለሚችል በአስቸኳይ ይታይ። ማርሽ ሲገባ የሚሰማና ኤን ላይ የሚጠፋ ፉጨት የውስጥ ኩሽኔታ ነው። ከሞተሩና ከካምቢዮው መጋጠሚያ ቀይ ዘይት የሚንጠባጠብ ከሆነ ኦይል ሲሉን ብቻ ሳይሆን የኮንቨርተሩን አንገትና የፖምፓውን ቡሽም ይመርምሩ፤ አንገቱ ከተበላ አዲሱም ሲል ብዙ አይቆይም።

መለወጥ ግድ ሲሆን

ኮንቨርተር በብየዳ የተዘጋ ስለሆነ በቤንዚን አጥቦ መመለስ ብረት ብናኙን አያወጣውም። የዘይት ማቀዝቀዣውንና ቱቦዎቹንም ያጥቡ፤ እዚያ የቀረ ብናኝ አዲሱን ይበላዋል። አዲሱ ውስጥ አንድ ሊትር ያህል ትክክለኛውን ዘይት ጨምረው ከካምቢዮው ጋር ሲያጋጥሙ እያዞሩ ይግፉት፤ ደረጃ በደረጃ ገብቶ የፖምፓውን ጥርስ እስኪይዝ አያቁሙ። ካምቢዮውና ሞተሩ በእጅ ግፊት ካልተጋጠሙ በቡሎን አይሳቡ፤ ፖምፓው የሚሰበረው እዚህ ላይ ነው። መጋጠሚያው ከጠበቀ በኋላ ኮንቨርተሩ በእጅ እንደልብ መዞርና ከፍሌክስፕሌቱ ጥቂት ሚሊሜትር ክፍተት ማሳየት አለበት። ያኔ ብቻ ቡሎኖቹን አጥብቀው፣ ዘይት ሞልተው፣ ሞተሩን በሚኒሞ ያስነሱና መጠኑን እንደገና ይለኩ።