የፍልሚያን ክብደት እንዴት እንመዝናለን? ኤክስፒውንስ (የልምድ ነጥቡን) እንዴት እናካፍላለን?

ደብረ ብርሃን ማታ ብርዱ አያስወጣም። አራት ጓደኞቼን ቤት ሰብስቤ ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የሚባለውን በወረቀትና በዳይስ የሚጫወቱት የጀብዱ ታሪክ ጨዋታ ማጫወት የጀመርኩት በዚሁ ሰበብ ነው። ታሪኩንም ጠላቶቹንም የማመጣው እኔ ነኝ። የመጀመሪያው ታሪካችን ከአልዩ አምባ ወደ አንኮበር ጨው ጭነው ሽቅብ የሚወጡ ነጋዴዎች ነበር። ሜዳ ላይ አራት ተኩላ ለቀቅኩባቸው። ሁለተኛው ዙር ሳያልቅ ሦስቱ ተዘረሩ። ሻዩ እንኳን አልቀዘቀዘም።

ጥፋቱ የስሌት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው የጨዋታው አምስተኛ እትም ስሌቱ እንዲህ ነው።

መጀመሪያ የቡድኑን አቅም እወቁ። ለአንድ የሌቭል 1 (የመነሻ ደረጃ) ተጫዋች ቀላል ፍልሚያ 25 ኤክስፒ ነው፤ መካከለኛው 50፣ ከባዱ 75፣ ገዳዩ 100። በተጫዋቾቹ ቁጥር አባዙት። ለአራት ሰው 100፣ 200፣ 300 እና 400 ይመጣል።

ቀጥሎ ጠላቶቹን ደምሩ። አንድ ተኩላ 50 ኤክስፒ ነው፣ አራቱ 200። እኔ እዚህ ላይ «መካከለኛ ነው» ብዬ አቆምኩ። ብዛት ግን ራሱ ጉልበት ነው። ሁለት ጠላት ከሆነ ድምሩ በ1.5፣ ከሦስት እስከ ስድስት ከሆነ በ2፣ ከሰባት እስከ ዐሥር ከሆነ በ2.5 ይባዛል። 200 በ2 ሲባዛ 400። ገዳይ! እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው መመሪያ ማባዣውን ትቶታል፤ እኔ ግን ከዚያች ማታ በኋላ አልለቀውም።

ቁጥሩ የማያሳየው ነገርም አለ። የተኩላ ንክሻ በአማካይ 7 ላይፍ (የሕይወት ነጥብ) ይቀንሳል። የጀማሪ አስማተኛ ላይፍ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 8 ነው። አንድ ንክሻ፣ አለቀ። በዚያ ላይ ሌላ ተኩላ አጠገብ ካለ ዳይሱን ሁለቴ ጥሎ የተሻለውን ይወስዳል። ስለዚህ ቦታውን እዩ። በሳምንቱ እነዚያኑ አራት ተኩላዎች ገደል ዳር ባለች ጠባብ መንገድ ላይ አመጣኋቸው። ጋሻ የያዘው ከፊት ቆመ፣ ሌሎቹ ከኋላው ቀስት ለቀቁ። አንድም ሰው አልወደቀም። በወረቀት ላይ ግን ያው 400 ነው።

ኤክስፒ ስትሰጡ ማባዣውን እርሱት። እሱ ለመመዘኛ ብቻ ነው። 200ውን ለአራት አካፍሉ፤ ለያንዳንዱ 50 ይደርሰዋል። ሌቭል 2 ለመግባት 300 ያስፈልጋል።

ሳይገድሉ ያለፉትስ? እኔ ሙሉውን እሰጣለሁ። በሦስተኛው ሳምንት አንዱ «ጾም ነው፣ እኛ አንበላው» ብሎ የስንቁን ቋንጣ ለተኩላዎቹ ወረወረላቸውና ቡድኑ በሰላም አለፈ። «ኧረ አልገደለም እኮ!» ብሎ የተሟገተኝ ነበር። ሰጠሁት።

አሁን ቋንጣ ሳይቋጥር መንገድ የሚወጣ የለም። ስለዚህ ለቅዳሜ አራት ሽፍታ አዘጋጅቻለሁ። አንዱ 25፣ አራቱ 100፣ በ2 ሲባዛ 200። መካከለኛ ነው። ቋንጣውን ግን ጨምረው ነው የሚወስዱት።