ማታ 5.8፣ ጠዋት 7.3፦ የሃይድሮፖኒክስ ሰላጣ ችግርና መፍትሄ

ይህን የምጽፈው ሰላጣን ያለ አፈር፣ ማዳበሪያ በተበጠበጠበት ውሃ ለማምረት (ሃይድሮፖኒክስ ማለት ይህ ነው) ፓምፕ አስነስተው፣ መለኪያ ይዘው ሥራ ለጀመሩ ሰዎች ነው። ለሰላጣ ፒኤች (የውሃው አሲድነት መለኪያ) ከ5.5 እስከ 6.5፣ ኢሲ (ውሃው ውስጥ የሟሟው ማዳበሪያ መጠን መለኪያ) ደግሞ ለአደገ ሰላጣ ከ1.2 እስከ 1.8 መሆን እንዳለበት ታውቃላችሁ። ኤ እና ቢ ተብሎ በሁለት ተከፍሎ የሚመጣው ማዳበሪያ በወፍራሙ እንደማይቀላቀልም ታውቃላችሁ። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ችግሮቹ እንግባ። አንዱ ላይ ብዙ እቆያለሁ። በተጠራሁበት ቦታ ሁሉ ቀድሞ የሚጠብቀኝ እሱ ስለሆነ ነው።

ፒኤች ሌሊቱን ይወጣል፣ አዲሱ ቅጠል ይገረጣል

ምልክቱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ማታ አሲድ ተጨምሮ 5.8 የነበረው ውሃ ጠዋት 7 አልፏል። እንደገና አሲድ ይጨመራል። በማግስቱ እንደገና ወጥቷል። ሳምንት ሁለት ሳምንት እንዲህ ከቀጠለ በኋላ ከመሃል የሚወጣው ለጋ ቅጠል ቢጫ ይሆናል። ቅጠሉን ወደ ብርሃን አንስታችሁ እዩት። ጅማቶቹ አረንጓዴ እንደሆኑ ናቸው፤ በጅማቶቹ መካከል ያለው ብቻ ነው የገረጣው። ከታች ያሉት አሮጌ ቅጠሎች ግን ደህና ናቸው። ይህ የብረት እጥረት ነው።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ቢጫ ሲያይ "ማዳበሪያ አነሰው" ይልና ይጨምራል። ብረቱ እኮ ውሃው ውስጥ አለ። ፒኤች ስለወጣ ተክሉ ሊወስደው አልቻለም እንጂ። አያት አካባቢ ሰገነቷ ላይ ሰላጣ የምታመርት አንዲት እህቴ ቅጠሉ ሲገረጣባት ጎረቤት መክሯት ዩሪያ በትናበታለች። በአፈር ላይ ዩሪያን ወደ ናይትሬት የሚቀይሩት ባክቴሪያዎች ናቸው። በውሃ ገንዳ ውስጥ ያንን ሥራ በበቂ የሚሠራ የለም። ዳፕ ደግሞ አሞኒየም ያበዛና ሥሩን ይጎዳል። ስደርስ ሥሩ ጫፍ ጫፉ ቡናማ ሆኗል፤ የሆቴል ትእዛዟም አምልጧታል። እባካችሁ የእህል ማዳበሪያ ገንዳ ውስጥ አትክተቱ። የአበባ እርሻዎች የሚጠቀሙበት ካልሲየም ናይትሬትና ሌላው በውሃ ሙሉ በሙሉ የሚሟሟ ማዳበሪያ ነው የሚያስፈልጋችሁ።

*መንስኤው።* ጥፋቱ የውሃው ፒኤች አይደለም፤ ውሃው የተሸከመው ቢካርቦኔት፣ ማለትም አሲድን የሚያከሽፈው ነገር ነው። ሁለት ውሃ ሁለቱም 7.5 ሊያሳዩ ይችላሉ። አንዱ ጥቂት ጠብታ አሲድ ይበቃዋል። ሌላው ብዙ ይጠጣና አሁንም ተመልሶ ይወጣል። አዲስ አበባ ላይ ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድብ የሚመጣው ውሃ ለስለስ ያለ ነው። ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚመጣው ግን ከድንጋዩ የወሰደው ካልሲየም፣ ማግኒዥየምና ቢካርቦኔት አለበት። በማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚጋገር ከሆነ ውሃችሁ ከዚህኛው ወገን ነው።

ታዲያ ለምን ማታ ይወርድና ጠዋት ይወጣል? አሲዱ ቢካርቦኔቱን ሲያገኘው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይፈጠራል። ይህ ጋዝ ውሃው ውስጥ ሟምቶ እስካለ ድረስ ፒኤችን ዝቅ አድርጎ ያሳያችኋል። የአየር ድንጋዩ (የፓምፑን አየር በአረፋ የሚያወጣው) ሌሊቱን ሲያንተከትከው ጋዙ ይወጣል፤ ፒኤችም ይወጣል። ማታ ያያችሁት 5.8 ያልረጋ ቁጥር ነው። እውነተኛውን የምታገኙት ጋዙ ከወጣ በኋላ ጠዋት ላይ ነው። በዚህ ላይ ሰላጣው ናይትሬት በሚመገብበት ጊዜ ራሱ ፒኤችን ወደ ላይ ይገፋል። ቢካርቦኔቱ ካልተነሳ ሁለቱ ተደማምረው ያደክሟችኋል።

*መፍትሄው።* በየማታው ቁጥር ማሳደዱን አቁሙ። ውሃውን ማዳበሪያ ሳይነካው በፊት አክሙት። የምሠራው እንዲህ ነው።

በመጀመሪያ አሲዱን አቅጥኑ። 900 ሚሊ ሊትር ውሃ በፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አድርጉ፤ ከዚያ 100 ሚሊ አሲድ ቀስ እያላችሁ ጨምሩበት። አሲዱ ወደ ውሃው ነው የሚገባው። ውሃ በአሲድ ላይ በፍጹም አታፍስሱ፤ ፈልቶ ፊታችሁ ላይ ይረጫል። ጓንትና የዓይን መነጽር አድርጉ። ልጆች በሌሉበት ሥሩ።

ከዚያ 10 ሊትር የቧንቧ ውሃ በባልዲ ውሰዱ። የቀጠነውን አሲድ በስሪንጅ 5 ሚሊ፣ 5 ሚሊ እየጨመራችሁ፣ እያማሰላችሁ ለኩ። 5.8 ሲደርስ የጨመራችሁትን ጻፉ። የአየር ድንጋይ ክተቱበትና ሌሊቱን ይደር። ጠዋት ስትለኩት ወጥቶ ታገኙታላችሁ። አትደንግጡ። እንደገና ወደ 5.8 አውርዱት፣ ጻፉ፣ ይደር። በሚቀጥለው ጠዋት 6 አካባቢ ቆሞ ካገኛችሁት አልቋል። የጨመራችሁትን በሙሉ ደምሩ። ለ100 ሊትር ገንዳ በ10 ታባዙታላችሁ፣ ለ500 ሊትር በ50። ቢካርቦኔቱ በሊትር 300 ሚሊግራም ገደማ በሆነ ውሃ ላይ፣ በባትሪ አሲድ ከሆነ፣ ለ10 ሊትር ከቀጠነው በድምሩ 50 ሚሊ አካባቢ ይፈጃል። ለስላሳ ውሃ ከዚያ በጣም ያነሰ ይወስዳል።

ከዚህ በኋላ ሮቷችሁን በሞላችሁ ቁጥር ማዳበሪያ ከመግባቱ በፊት ያንን መጠን ትጨምራላችሁ፣ አንድ ሌሊት አየር ታስገቡለታላችሁ፣ በማግስቱ ማዳበሪያውን ትበጠብጣላችሁ። ማዳበሪያው ራሱ ፒኤችን ትንሽ ስለሚያወርድ የመጨረሻዋን ማስተካከያ ከዚያ በኋላ አድርጉ። የምትሞሉበትንም ውሃ አክሙ። ብዙ ሰው ገንዳውን ያክምና ለመሙያ በቀጥታ ከቧንቧው ይቀዳል፤ በሳምንቱ ችግሩ ተመልሶ ይመጣል። ሰፈራችሁ አንዳንዴ ከግድብ አንዳንዴ ከጉድጓድ የሚደርሰው ከሆነ ደግሞ የባልዲውን ፈተና ደጋግሙት።

የትኛውን አሲድ? ፎስፎሪክ ለትንሽ ገንዳ ጥሩ ነው፣ ግን ውሃው በጣም ከባድ ከሆነ ፎስፎረስ ያበዛባችኋል። ናይትሪክ ናይትሮጅን ይጨምራል፤ ጭሱ ግን አደገኛ ስለሆነ ልምድ ለሌለው አልመክርም። ሱቅ የሚሸጠው አቺዶ ሰልፈሪክ አሲድ ነው፤ ሌላ ከጠፋ ያልተከፈተ፣ አዲስ፣ የታሸገ ከሆነ ይሠራል። ከአሮጌ ባትሪ የተገለበጠ አቺዶ ግን እርሳስ አለበት። ሰው የሚበላው ነገር ላይ እንዳታስገቡት። ጋራዥ ሄዶ በሃይላንድ ጠርሙስ ቀድቶ የመጣ ልጅ አጋጥሞኛል። ገንዳውን በሙሉ አስደፍቼዋለሁ። ሰላጣውም አብሮ ተጥሏል። ይህ ላይ ድርድር የለም።

ሎሚና አቼቶስ? ቃሊቲ ያሉ አንድ ጋሼ በየማታው ሎሚ ይጨምቁ ነበር። ጡረታ ከወጡ በኋላ ግቢያቸው ውስጥ በጀመሩት ሥራ ላይ ኬሚካል ማስገባት አልፈለጉም፤ ሐሳባቸው ገብቶኛል። ነገር ግን የሎሚውን አሲድ ባክቴሪያ በአንድ ሁለት ቀን ይበላዋል። ፒኤች ተመልሶ ይወጣል፣ ባክቴሪያው ደግሞ ይራባል። ገንዳቸውን ስከፍተው ግድግዳው ሙልጭልጭ ብሏል፤ ሽታውም የኮመጠጠ ነበር። ሥሩን በጣቴ ስነካው ቆዳው ተልጦ መሃል ያለው ክር ብቻ ቀረ። "ጋሼ፣ ጥፋቱ የሰላጣው አይደለም፣ የውሃው ነው" ብያቸው የባልዲውን ፈተና አብረን ሠራን። አሁን ለጎረቤቶቻቸው እሳቸው ናቸው የሚያሳዩት።

የብረቱ ዓይነትም ወሳኝ ነው፤ ብረቱን ውሃ ውስጥ ሟምቶ እንዲቆይ የሚይዘው ነገር ይለያያል። ኢዲቲኤ የሚባለው ፒኤች ከ6.5 ካለፈ መያዝ ያቅተዋል። ዲቲፒኤ እስከ 7 አካባቢ ይቆያል። ኢዲዲኤችኤ ከዚያም በላይ ይሠራል፤ ዱቄቱ ጥቁር ቀይ ነው፣ ውሃውንም ያቀላዋል። ሻጩ "ብረት ነው" ካላችሁ የትኛው እንደሆነ ጠይቁ፤ ካላወቀ ሌላ ቦታ ሂዱ። 6 በመቶ ብረት ያለው ኢዲዲኤችኤ ለ100 ሊትር 3 ግራም ገደማ ይበቃል። በብርሃን ስለሚበላሽ በጨለማ ዕቃ አስቀምጡት። ቅጠሉ በጣም የነጣው ላይመለስ ይችላል። የምትመለከቱት አዲስ የሚወጣውን ነው፤ በሳምንት ውስጥ አረንጓዴ ሆኖ መምጣት አለበት።

ሁሉን አድርጋችሁ አሁንም ከወጣ

ገንዳው ከምን እንደተሠራ እዩ። ሲሚንቶ የተለሰነ ገንዳ ኖራ እየለቀቀ ፒኤችን ይገፋል። ቢሾፍቱ ላይ ወጣቶች ተደራጅተው የገነቡት ባለ ብሎኬት ገንዳ ነበር፤ አሲድ እንደ ውሃ ይጠጣል። ወፍራም ፕላስቲክ አነጠፍንበትና በቃ፣ ቆመ። ሬዳሽ (ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር) የምትጠቀሙም ከሆነ አቧራው እስኪጠፋ ደጋግማችሁ እጠቡት፤ አንድ ሌሊት በታከመ ውሃ ዘፍዝፉትና ፒኤቹን ለክታችሁ ነው ችግኝ የምታስገቡት።

ብርሃን የሚያስገባ ዕቃ ውስጥ አልጌ ይበቅላል። አልጌ ቀን ቀን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚስብ ከሰዓት በኋላ ፒኤች ከፍ ይላል። ዕቃውን ሸፍኑ። ስታጥቡ በበረኪና ከሆነ አሲዱን ከአካባቢው አርቁ። በረኪናና አሲድ ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ሳንባ ያቃጥላል። ገንዳውን በንጹህ ውሃ ደጋግማችሁ ሳታለቀልቁ አሲድ አይግባ።

መለኪያው የሚዋሽ ከሆነ

ቢጫዋን ርካሽ እስክሪብቶ መለኪያ ሁሉም ሰው ይገዛል። እኔም አለኝ። ችግሩ ከነዱቄቷ የምትመጣው ማስተካከያ ተከፍታ ሳትበጠበጥ ለወራት መሳቢያ ውስጥ ትቀመጣለች። በ4.01 እና በ6.86 ሳይስተካከል የተነበበ ቁጥር ቁጥር አይደለም። በየሁለት ሳምንቱ አስተካክሉ። ጫፏ እንዳይደርቅ በማከማቻ ፈሳሽ አቆዩት፤ ፈሳሹ ካለቀ በ4.01 ማስተካከያው ይቆይ። በተጣራ ውሃ ውስጥ አታስቀምጡት፤ ጫፉን ይገድለዋል። ማስተካከያው ውስጥ ገብታ ደቂቃ ሙሉ እየዋለለች የማትረጋ ከሆነ ጣሏት። ሞታለች።

ፒፒኤም ብቻ የሚያሳይ መለኪያም ጣጣ ነው። አንዱ ኢሲን በ500 ያባዛል፣ ሌላው በ700። ያው 1.4 ኢሲ በአንዱ 700፣ በሌላው 980 ይነበባል። ጓደኛችሁ "800 ላይ አድርገው" ቢላችሁ በየትኛው እንደሆነ ካላወቃችሁ አትስሙት። ኢሲ አንብቡ።

ፒኤች በድንገት ከወረደ

በክረምት የዝናብ ውሃ ሰብስበው የሚጠቀሙ ላይ ይመጣል። የዝናብ ውሃ ቢካርቦኔት የለውም፤ የበጋውን የአሲድ መጠን ከጨመራችሁበት ከ4 በታች ይወድቃል። የባልዲውን ፈተና ለዝናቡ ውሃም ሥሩ፣ ወይም ከጉድጓድ ውሃ ጋር ቀላቅሉት። ከአዲስ ቆርቆሮ ጣሪያ የሚወርደው የመጀመሪያ ዝናብ ዚንክ ስላለበት ይፍሰስ።

የሰላጣው ጠርዝ ሲያር

ከውስጥ ያሉት ለጋ ቅጠሎች ጠርዛቸው ቡናማ ሆኖ ይደርቃል። የካልሲየም ነው፤ ግን ውሃው ውስጥ ስለጠፋ አይደለም። አየር በታፈነበት ቦታ ቅጠሉ ስለማይተን ካልሲየሙ እስከ ጫፉ አይደርስም። ላስቲኩን ግለጡ ወይም ቬንትሌተር አስገቡ። ኢሲው ከፍ ብሎ ከሆነ ትንሽ አውርዱት።

ኢሲ እየወጣ ወይም እየወረደ

እየወጣ ከሆነ ተክሉ ከሚበላው ይልቅ እየጠጣ ነው፤ የታከመ ባዶ ውሃ ሙሉ። እየወረደ ከሆነ እየበላ ነው፤ ማዳበሪያ ጨምሩ። በየሁለት ሦስት ሳምንቱ ሙሉውን ለውጡ። ስምጥ ሸለቆ አካባቢ ሶዲየም የበዛበት የጉድጓድ ውሃ ያጋጥማል። ሶዲየምን አሲድ አያነሳውም። ጨው የሚያስወግድ ማጣሪያ ወይም ሌላ ውሃ ነው መፍትሄው።

ቡናማ፣ የሚሸት ሥር

ውሃው ሞቋል ወይም አየር አንሶታል። ከ22 ዲግሪ በታች አቆዩት፤ ገንዳውን ከፀሐይ አውጡ። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅን ያንሳል። በ20 ዲግሪ፣ በባሕር ጠለል ላይ በሊትር 9 ሚሊግራም ሲሆን እዚህ 7 አይሞላም። ለቆላ አገር የተጻፈውን የአየር ፓምፕ መጠን እዚህ እጥፍ አድርጉት። መብራት ሲጠፋ ደግሞ በቧንቧ ውስጥ በሚፈስ ስስ ውሃ የምታመርቱ ከሆነ ሥሩ በሰዓታት ውስጥ መድረቅ ይጀምራል። የቧንቧውን መውጫ ጫፍ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ብትተዉት ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ውሃ ታች ይቀራል፤ መብራቱ እስኪመጣ ያቆያችኋል።