ስክሪኑ 20 ዲግሪ ሲል ክራንኩ ስንት ይላል? የባለ ሁለት ምት የውድድር ሞተር ኢግኒሽን ችግርና መፍትሄ

ያማሃ ቲዜድ 350ን የመሰሉ፣ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ የተሠሩ የውድድር ሞተር ሳይክሎች የእሳታቸው ሰዓት (ኢግኒሽኑ) በብሎን ታስሮ የሚቀር ነበር። መካኒኩ ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ ሊደርስ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲቀረው እሳቱ እንዲወጣ አድርጎ ካሰረው በኋላ፣ ሞተሩ በደቂቃ በ4,000 ዙርም ሆነ በ10,000 ዙር የሚሠራው ከሞላ ጎደል በዚያው ልክ ነው። ዛሬ እነዚሁ ሞተሮች በአውሮፓ የክላሲክ ውድድሮች ላይ ሲቀርቡ፣ ብዙዎቹ የቼኩን ኢግኒቴክ ወይም የስሎቬኒያውን ዚልትሮኒክ የመሰለ በኮምፒውተር የሚስተካከል ሳጥን ይዘው ነው፤ ባለቤቱም ለእያንዳንዱ የዙር መጠን የተለየ ሰዓት መጻፍ ይችላል፤ ዙርንና ሰዓትን የሚያያይዘው ይህ መስመር «ከርቭ» ይባላል። ይህ መልካም ነገር ሆኖ ሳለ አዲስ ዓይነት ስሕተትም ይዞ መጥቷል፦ በስክሪኑ ላይ የተጻፈው ቁጥርና በክራንክሻፍቱ (ፒስተኑ በሚያዞረው ዘንግ፣ ባጭሩ «ክራንክ») ላይ በእርግጥ የሚሆነው ነገር ሳይገናኙ ሊቀሩ ይችላሉ። ከዚህ በታች ከማነሣቸው ችግሮች የሚበዙት ምንጫቸው ይኸው አለመገናኘት ነው።

በዚህ ጽሑፍ «ቅድሚያ» ስል፣ ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ ከመድረሱ በፊት ስንት የክራንክ ዲግሪ ሲቀር ካንዴላው እሳት እንደሚሰጥ ማለቴ ነው።

ከሁሉ በፊት፦ የላይኛውን ጫፍ ማግኘት

በካንዴላው ቀዳዳ ዲያል ጌጅ (ጥቃቅን ርቀት በመርፌ የሚያሳይ መለኪያ) አስገብቶ መርፌው የሚቆምበትን ቦታ «ጫፉ ይህ ነው» ማለት የተለመደ ስሕተት ነው። የፒስተኑ ጉዞ 54 ሚሊ ሜትር፣ የቤላው (ፒስተኑን ከክራንኩ ጋር የሚያያይዘው ዘንግ) ርዝመት 110 ሚሊ ሜትር በሆነ ሞተር ላይ ክራንኩ ከጫፉ 1 ዲግሪ ቢርቅ ፒስተኑ የሚወርደው 5 ሺኛ ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ ዓይን ይህን አይለይም። ስለዚህ ሞተሩን በሚዞርበት አቅጣጫ አዙረው ፒስተኑ ከጫፉ 2 ሚሊ ሜትር ዝቅ ያለበትን ቦታ በክራንኩ ጫፍ ላይ በሚታሰረው የዲግሪ ሰሌዳ ላይ ምልክት ያድርጉ፤ ከዚያም ጫፉን አሳልፈው በሌላው በኩል 2 ሚሊ ሜትር የወረደበትን ምልክት ያድርጉ። እውነተኛው ጫፍ የሁለቱ ምልክቶች እኩሌታ ላይ ነው።

ሚሊ ሜትርን ወደ ዲግሪ ሲመልሱ እኩል እርምጃ እንደሌለው ያስታውሱ። በዚሁ ሞተር 10 ዲግሪ 0.51 ሚሊ ሜትር፣ 15 ዲግሪ 1.14፣ 20 ዲግሪ 2.02፣ 25 ዲግሪ ደግሞ 3.12 ሚሊ ሜትር ነው። የሌላ ሞተር ቤላ ርዝመት የተለየ ከሆነ ቁጥሮቹም ይለወጣሉ።

ምልክት፦ ከርቩ ቀጥ ያለ ሆኖ ሳለ የስትሮቦስኮፑ ምልክት ይሸሻል

አዲስ ሳጥን ላይ መጀመሪያ የሚጻፈው ከርቭ የውድድር ከርቭ መሆን የለበትም። ከታች እስከ ላይ 20 ዲግሪ የሚል ቀጥ ያለ መስመር ይጻፉበት፣ በቮላኖው (ከክራንኩ ጫፍ ጋር አብሮ በሚዞረው ክብ ብረት) ላይ 20 ዲግሪን በቀጭን ነጭ ቀለም ይጭሩ፣ ከዚያም ሞተሩን አስነስተው በስትሮቦስኮፕ (ካንዴላው እሳት በሰጠ ቁጥር ብልጭ በሚል መብራት) ያብሩበት። የውድድር ሞተር ያለ ጭነት ከፍ ባለ ዙር ላይ መቆየት ስለሌለበት፣ ዙሩን ለአንድ ሁለት ሰከንድ ብቻ ከፍ አድርጎ መመለስ ይበቃል። ሁሉም ደህና ከሆነ ነጩ ጭረት ከ3,000 እስከ 9,000 ዙር አንድ ቦታ እንደተቸከለ ይታያል። ካልሆነ መዛባቱ በምን ዓይነት መንገድ እንደሆነ በጥንቃቄ ይመልከቱ፤ ምክንያቱን የሚናገረው እሱ ነው።

ጭረቱ ሳይንቀሳቀስ ቆሞ፣ ነገር ግን የቆመው ከቦታው ውጭ ከሆነ፣ ለሳጥኑ የተነገረው የፒክ አፑ መነሻ ዲግሪ ስሕተት ነው፤ ፒክ አፕ የቮላኖው ጥርስ ሲያልፍበት ለሳጥኑ የኤሌክትሪክ ምልክት የሚልክ መሣሪያ ነው። ለምሳሌ ፒክ አፑ 38 ዲግሪ ላይ ነው ብለው ጽፈው ስትሮቦስኮፑ በ20 ፈንታ 17 ዲግሪ ቢያሳይ፣ ሳጥኑ ምልክቱ ከደረሰው በኋላ 18 ዲግሪ ጠብቆ እሳት ስለሚሰጥ፣ ፒክ አፑ በእርግጥ ያለው 35 ላይ ነው ማለት ነው። ከርቩን ሳይነኩ መነሻውን 35 ብለው ያርሙት። ከርቩ ላይ 3 ዲግሪ ጨምሮ ማካካስ ለዛሬ ይሠራ ይሆናል፤ ከስድስት ወር በኋላ ግን የራስዎን ቁጥር ራስዎ አያምኑትም።

ጭረቱ ዙሩ በጨመረ ቁጥር ቀስ እያለ ወደ መዘግየት የሚሸሽ ከሆነ፣ ምክንያቱ በፒክ አፑና በሳጥኑ ውስጥ የሚባክን ጊዜ ነው። በ12,000 ዙር ክራንኩ 1 ዲግሪ የሚዞረው በ14 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ ነው። ስለዚህ 30 ማይክሮ ሰከንድ መዘግየት በ3,000 ዙር ግማሽ ዲግሪ ያህል ሆኖ ሳይታወቅ ያልፋል፤ በ12,000 ዙር ግን ከ2 ዲግሪ በላይ ይሆናል። ሳጥኑ በማይክሮ ሰከንድ የሚሞላ የመዘግየት ማካካሻ ካለው ጭረቱ እስኪቆም ድረስ እሱን ጥቂት በጥቂት ይጨምሩ። ከዚያ በፊት ግን ስትሮቦስኮፑን ራሱን ይጠርጥሩ፤ ርካሽ መብራቶች የራሳቸው መዘግየት አላቸው፣ የዲግሪ ማስተካከያ ቁልፍ ያለው መብራትም ዜሮ ላይ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። በሌላ መብራት ደግሞ ማየት አንድ ሙሉ ቀን ከመልፋት ያድናል።

ጭረቱ ከተጠበቀው ቦታ በብዙ ዲግሪ ርቆ ከተገኘ ወይም ሁለት ሆኖ ከተንቀጠቀጠ፣ የፒክ አፑ ሁለት ሽቦዎች ተገላብጠዋል። የቮላኖው ጥርስ ወደ ፒክ አፑ ሲቀርብ አንድ ዓይነት የኤሌክትሪክ ምት፣ ሲርቅ ደግሞ የዚያ ተቃራኒ የሆነ ምት ይፈጠራል፤ ሳጥኑ ከሁለቱ የሚጠብቀው አንዱን ስለሆነ ሽቦዎቹ ከተገላበጡ የጥርሱን ሌላ ጫፍ ያነባል። ጥርሱ 40 ዲግሪ የሚሸፍን ከሆነ ስሕተቱም ወደ 40 ዲግሪ ይጠጋል። መፍትሄው ሽቦዎቹን ማገላበጥ ወይም በሶፍትዌሩ ውስጥ ምልክቱን መቀየር ነው። ሁለቱንም ባንድ ላይ ማድረግ ወደነበሩበት ይመልሳል፤ ሲነገር ያስቃል፣ ነገር ግን ማታ በድካም ላይ የሚሆነው ይኸው ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሳጥኑ ምልክቱ ከደረሰው በኋላ የሚያደርገው መጠበቅ ስለሆነ፣ የፒክ አፑ መነሻ በከርቩ ላይ ከሚጻፈው ትልቁ ቅድሚያ መብለጥ አለበት። 28 ዲግሪ የሚፈልግ ሰው ፒክ አፑን 20 ዲግሪ ላይ ቢያስር፣ ሳጥኑ ወይ 28ን አይሰጥም፣ ወይም ካለፈው ዙር ተነሥቶ ይገምታል። ግምቱም ሞተሩ በፍጥነት ዙር በሚጨምርበት ቅጽበት፣ በተለይ በዝቅተኛ ማርሽ፣ ይሳሳታል።

ምልክት፦ ተገፍቶ አይነሳም፣ ወይም ወደ ኋላ ይመታል

ወደ ኋላ የሚመታ ሞተር በዝቅተኛ ዙር ቅድሚያው በዝቷል፤ ከ1,500 ዙር በታች ወደ 10 ወይም 12 ዲግሪ ያውርዱት። ባለ ሁለት ምት ሞተር በተቃራኒ አቅጣጫም ተነሥቶ መሥራት የሚችል በመሆኑ ይህን እንደ ቀላል ነገር አይተው አይለፉት። ጭራሽ እሳት የማይሰጥ፣ ነገር ግን በፍጥነት ሲገፋ የሚነሳ ከሆነ ደግሞ በፒክ አፑና በጥርሱ መካከል ያለው ክፍተት ሰፍቶ ይሆናል። አምራቹ ሌላ ካላለ ከ0.5 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ጥሩ መነሻ ነው። ከዚያ በጣም ካጠበቡት ሳጥኑ በቮላኖው ላይ ያለን ጭረት ወይም ዝገት ሁሉ እንደ ጥርስ መቁጠር ይጀምራል።

ምልክት፦ ምንም እሳት የለም

በቅድሚያ የማጥፊያ ስዊቹን ሽቦ ነቅለው ይሞክሩ፤ አንዳንዱ ሳጥን ሽቦው ማሳ (የሞተሩን ብረት አካል) ሲነካ ያጠፋል፣ አንዳንዱ ደግሞ ከማሳ ሲለያይ ያጠፋል። ቀጥሎ ሳጥኑ ጋ የሚደርሰውን ቮልቴጅ፣ ከዚያም የፒክ አፑን ሬዚስታንስ ይለኩ። ሬዚስታንሱ ብዙውን ጊዜ በመቶዎች በሚቆጠር ኦም ውስጥ ይገኛል፤ ዜሮ ወይም ፍጹም የተቆረጠ ከሆነ ፒክ አፑ ሞቷል።

ምልክት፦ ከፍተኛ ዙር ላይ ይቆራርጣል

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ካርቡራተር ያወርዳል፤ እኔም አውርጄ አውቃለሁ። አንድ ቅዳሜ ከ9,000 ዙር በላይ የሚያነጥስ ሞተር ይዤ የቤንዚን መርፌዎቹን ሦስት ጊዜ ቀያየርኩ። አራተኛው ላይ ካንዴላውን በእጄ ይዤ በጨርቅ ስጠርገው በሸክላው ላይ የተጻፈውን አነበብኩ፦ ቢ 10 ኢ ጂ። «አር» የምትለው ፊደል የለችም። በካንዴላ አምራቹ በኤን ጂ ኬ አጻጻፍ «አር» ማለት በውስጡ ሬዚስታንስ ያለው ማለት ነው፤ ቢ አር 10 ኢ ጂ መሆን ነበረበት። የካንዴላው ኮፍያም ያለ ሬዚስታንስ የተሠራ የድሮ ዓይነት ነበር። ሬዚስታንስ በሌለበት እያንዳንዱ እሳት እንደ ትንሽ የሬዲዮ ማሰራጫ ሆኖ ሳጥኑን ያውከዋል፤ ሳጥኑም የሌለ ጥርስ ይቆጥራል ወይም ለቅጽበት ጠፍቶ ይነሳል። የዙር መለኪያው መርፌ ሞተሩ ሲያነጥስ ያለ ምክንያት ከዘለለ፣ ቤንዚኑን ትተው ኤሌክትሪኩን ይመርምሩ።

መፍትሄው ሬዚስታንስ ያለው ካንዴላ፣ 5 ኪሎ ኦም የሚለካ ኮፍያ፣ ከካንዴላው ገመድ ርቆ በራሱ መንገድ የሚሄድና እርስ በርሱ የተጠማዘዘ የፒክ አፕ ሽቦ፣ እንዲሁም ከቦቢናው (ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልቴጅ ከሚሰጠው ጥቅል) ወደ ሞተሩ አካል በቀጥታ የሚሄድ ማሳ ነው። ቀለም የተቀባ ሻሲ ማሳ ለመሆን አይታመንም።

ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ መቆራረጡ በውድድሩ መጨረሻ ላይ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ባትሪውን ይጠይቁ። ቻርጅ የሚያደርግ ጄኔሬተር በሌለው ሞተር ላይ ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ ለእሳቱ ኃይል የሚያጠራቅመው 1 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር በ300 ቮልት 45 ሚሊ ጁል ይይዛል፤ በ12,000 ዙር አንድ ሲሊንደር በሰከንድ 200 ጊዜ ስለሚቀጣጠል 9 ዋት፣ ሁለቱ 18 ዋት ይሆናሉ። የሚባክነው ሲታከልበት ከ12 ቮልት ባትሪ ወደ 2 አምፔር ይሳባል። ለ20 ደቂቃ ውድድር ይህ 0.7 አምፔር ሰዓት ያህል ስለሆነ ለጤነኛ ትንሽ ባትሪ አይከብድም፤ ላረጀ ባትሪ ግን ይከብዳል። ቮልቴጁን ሞተሩ ቆሞ ሳይሆን እየሠራ ይለኩ።

ምልክት፦ ጉልበቱ ከፍተኛው ላይ ከደረሰ በኋላ ድንገት ይሞታል፣ ወይም ፒስተን ይጎዳል

ሁለቱን ባንድ ርዕስ ያኖርኳቸው ሰዎች የመጀመሪያውን ሲያክሙ ሁለተኛውን ስለሚያመጡት ነው።

በባለ ሁለት ምት ሞተር ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ግማሽ ሞተር ነው። ከውስጡ ተመልሶ የሚመጣው የግፊት ሞገድ ሊያመልጥ የነበረውን አዲስ ድብልቅ ወደ ሲሊንደሩ የሚመልሰው በሰዓቱ ከደረሰ ብቻ ነው፤ ሞገዱ የሚጓዝበት ፍጥነትም ከጋዙ ፍጹማዊ ሙቀት ሥርወ-ካሬ ጋር አብሮ ይጨምራል። በማርሚታው ውስጥ ያለው አማካይ ሙቀት ከ627 ወደ 677 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢያድግ ሞገዱ 2.7 በመቶ ይፈጥናል፤ ይህም ማርሚታው በ11,000 ዙር ይሰጥ የነበረውን ጥቅም 300 ዙር ያህል ወደ ላይ ይገፋዋል። ከፍተኛ ዙር ላይ እሳቱን ማዘግየት የሚጠቅመው በዚህ መንገድ ነው፦ ከቃጠሎው ሙቀት ከፊሉ በፒስተኑ ላይ ሳይሆን በማርሚታው ውስጥ ይውላል።

ለጥንቃቄ የሚሆን መነሻ ከርቭ ልስጥ፦ ከ3,000 እስከ 7,000 ዙር 24 ዲግሪ፣ ከፍተኛው የመጠምዘዝ ኃይል በሚገኝበት አካባቢ 19፣ ከፍተኛው ጉልበት ላይ 16፣ ከዚያ በኋላ ባለው 1,000 ዙር ውስጥ ወደ 12። መካከል ላይ ዝቅ ያለው ሲሊንደሩ ከሁሉ የበለጠ የሚሞላውና ማንኳኳት (ድብልቁ በሥርዓት በመቃጠል ፈንታ በራሱ መፈንዳቱ) የሚጀምረው እዚያ ስለሆነ ነው። ከካርቡራተሩ የሚመጣው ቤንዚን አስቀድሞ በቂ መሆኑ ሳይረጋገጥ ከርቩ አይነካ፤ ከዚያም በአንድ ጊዜ 1 ዲግሪ ብቻ ይቀየር።

እያንዳንዱ ሙከራ ሲያልቅ ሞተሩን በሙሉ ጋዝ ላይ ሳለ አጥፍተው ክላች ይዘው ይግቡና ካንዴላውን በማጉያ መነጽር ይዩት። በነጩ ሸክላ ላይ እንደ በርበሬ ፍሬ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች፣ ወይም የሚያብረቀርቁ የአሉሚኒየም ጠብታዎች ካሉ ማንኳኳት ጀምሯል። ቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ሲነሳ ጠርዙ በአሸዋ የተመታ የሚመስል ከሆነ ምስክሩ ሁለት ሆነ። ቅድሚያውን 2 ዲግሪ ይቀንሱ፣ ቤንዚን ይጨምሩ፤ የማርሚታው የሙቀት መለኪያ ዝቅ ብሎ መታየቱ አያጽናናዎ፣ ማንኳኳት ሙቀቱን ወደ ፒስተኑ ስለሚያዞረው የማርሚታው ሙቀት ሊቀንስ ይችላልና።

ምልክት፦ ሁለቱ ሲሊንደሮች አይመሳሰሉም

አንዱ ካንዴላ ነጣ፣ ሌላው ጠቆር ካለና ካርቡራተሮቹ እኩል ከሆኑ፣ ሁለቱንም ሲሊንደሮች ለየብቻ በስትሮቦስኮፕ ይዩ። የ1 ዲግሪ ልዩነት ካለ የሁለተኛውን ፒክ አፕ ቦታ ያንቀሳቅሱ። ክራንኩ ራሱ ተጠምዝዞ ከሆነ ግን የሁለቱ ፒስተኖች ላይኛ ጫፎች በትክክል 180 ዲግሪ አይራራቁም፤ ይህን ሶፍትዌር አይፈውሰውም።

ምልክት፦ ትናንት ደህና የነበረው ዛሬ ተለውጧል

ከርቩን አይንኩ። ቮላኖው በክራንኩ ሾጣጣ ጫፍ ላይ ተንሸራቶ ይሆናል። ጭነቱን የሚሸከመው የሁለቱ ሾጣጣ ገጾች መያያዝ እንጂ በመካከል ያለችው ትንሿ ብረት አይደለችም፤ እሷ ቦታ ማሳያ ብቻ ናት። ገጾቹን በወፍጮ ቅባት እርስ በርስ አፋትገው፣ ዘይቱን በሚገባ አጥበው፣ ዳዶውን በታዘዘው ኃይል ይሰሩና ከቮላኖው ወደ ክራንኩ የሚሻገር አንድ ቀጭን የቀለም መስመር ይሳሉ። ከእያንዳንዱ ውድድር በኋላ ክዳኑን ከፍተው መስመሩ ተሰብሮ እንደሆነ ማየት ግማሽ ደቂቃ ይፈጃል።