ለወገብና ለትንፋሽ የሚጠቅም ዮጋ በቤት ውስጥ እንዴት ይጀመራል?

በደሴና በኮምቦልቻ መካከል የሐረጎን ጠመዝማዛ ሲወጣና ሲወርድ የሚውል ሹፌር ወይም ፒያሳ ላይ ስፌት መኪናው ላይ ጎብጦ የሚውል ልብስ ሰፊ ወገቡን ሲያመው ቶሎ የሚያስበው የሕመም ማስታገሻ ክኒን ነው። የአሜሪካ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2017 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ግን ለቆየ የወገብ ሕመም ከመድኃኒት በፊት እንዲሞከሩ ከዘረዘራቸው መንገዶች አንዱ ዮጋ ነው። እዚህ የምናየውም ለዚህ የሚጠቅመውን ብቻ ነው፤ በዩቲዩብ የሚታየውን በአናት መቆም ይርሱት።

ዮጋ ከህንድ የሃይማኖትና የፍልስፍና ባህል የወጣ በመሆኑ «ከእምነቴ ጋር አይጋጭም ወይ?» የሚል አይጠፋም። አንዳንዶች አብረው የሚያሰሙትን ዜማ ትቶ እንቅስቃሴውንና ትንፋሹን ብቻ መሥራት ይቻላል። ቅር የሚለው ሰው ሼኩን ወይም የንስሐ አባቱን ጠይቆ ይወስን።

በመጀመሪያ ቦታውን ያዘጋጁ። ከምግብ በኋላ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ይቆዩ። በረመዳን ወይም በዐቢይ ጾም ሆድ ባዶ ስለሚሆን በዚህ በኩል ችግር የለም፤ የሚያደክመውን ትቶ ትንፋሹንና ቀላሉን ዝርጋታ ብቻ መሥራት ግን ይሻላል። አጎዛ ለመቀመጫ ይሞቃል፤ እጅ ሲያሳርፉበት ግን ሲሚንቶ ላይ ይንሸራተታል፤ ስለዚህ ሰሌን ወይም ወፍራም ምንጣፍ ይምረጡ። የጠዋቱ ብርድ ቢያስቸግርም ከሰል አቀጣጥለው በር አይዝጉ። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ ስለሌለው ሳያስታውቅ ይገድላል፤ በጥልቀት የሚተነፍስ ሰው ደግሞ አብዝቶ ይስበዋል። ይልቅ ሹራብ ደርበው ይጀምሩ፤ ሲሞቅዎት ያወልቁታል።

ሁለተኛው ትንፋሽ ነው። ጋቢ አጥፈው በላዩ እግርዎን አጣጥፈው ይቀመጡ። በአፍንጫ እስከ አራት እየቆጠሩ አየር ያስገቡ፤ እስከ ስድስት እየቆጠሩ ያስወጡ። አወጣጡ ከአገባቡ መርዘም አለበት፤ የልብን ምት የሚያረጋጋው እርሱ ነውና። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። ከቆላ የመጣ እንግዳ ዳገቱ ላይ ቢያለከልክ አይገርምም። ስለዚህ ትንፋሽን ማፈንና ፈጣን አተነፋፈስ ለጀማሪ አይሆኑም። አምስት ደቂቃ ይበቃል።

ሦስተኛው የወገብ ዋና ሥራ ነው። በእጅና በጉልበት ይንበርከኩ፤ መዳፍ ከትከሻ ሥር፣ ጉልበት ከዳሌ ሥር ይሁን። ጉልበት የሚያምዎት ከሆነ ሥሩ ጋቢ ያድርጉ። አየር እያስገቡ ሆድዎን ወደ ወለል ያውርዱ፣ ደረትዎን ቀና ያድርጉ። እያስወጡ ጀርባዎን ወደ ላይ ያጉብጡ፣ አገጭዎን ወደ ደረት ይሳቡ። ስምንት ጊዜ ያህል ይመላለሱ። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ይቸኩላል፤ እንቅስቃሴው ከትንፋሹ መቅደም የለበትም። ከዚያ ዳሌዎን ወደ ተረከዝ መልሰው ግንባርዎን ምንጣፉ ላይ ያሳርፉ። ከስግደት ጋር ስለሚመሳሰል ለወሎ ሰው እንግዳ አይደለም፤ ልዩነቱ ዳሌው ተረከዝ ላይ ማረፉ ነው።

አራተኛው ሚዛን ነው፤ በተለይ ዕድሜያቸው ለገፋ ሰዎች መውደቅን ለመከላከል ይረዳል። ግድግዳ አጠገብ በአንድ እግር ይቁሙ፤ የሌላውን ውስጥ እግር በቁርጭምጭሚት ወይም በባት ላይ ያሳርፉ። ጉልበት ላይ አያሳርፉ።

በመጨረሻ በጀርባ ተኝተው፣ ጋቢ ለብሰው፣ አምስት ደቂቃ ይረፉ። ሲነሡ መጀመሪያ በጎን ይዙሩ፤ ድንገት መነሣት ያዞራል።

በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየቀኑ ሃያ ደቂቃ ለጀማሪ በቂ ነው። የወገብ ለውጥ በሳምንታት እንጂ በቀናት አይታይም። ዮጋ የደም ግፊትን በመጠኑ ሊቀንስ ይችላል፤ ክኒኑን ግን አይተካም፤ ያለ ሐኪም አያቋርጡ። ግላኮማ የተባለው የዓይን ሕመም ያለበት ሰው ጭንቅላት ከልብ ዝቅ የሚልበትን አቋም ይተው። ነፍሰ ጡር ሐኪሟን ሳታማክር አትጀምር። ሕመሙ ከወገብ ወደ እግር የሚወርድ ከሆነና እግርዎ ከደነዘዘ ያቁሙና ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ፤ ሽንት መያዝ ወይም መሽናት ካስቸገረ ደግሞ ለነገ አይባልም።