በገናን ማታ ዝቅ አድርጎ ለመስማት፦ የላውድነስ ቁልፍ አጠቃቀም

ደብረ ማርቆስ ላይ አምፕሊፋየር እጠግናለሁ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ደንበኞቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ ይህንን ነው፦ «ቤተሰብ ከተኛ በኋላ በገና ዝቅ አድርጌ ስከፍት የእንዝራው (አውታሩን የሚያንዛርረው ቁራጭ ቆዳ) ንዝረት ብቻ ይሰማኛል፤ ወፍራሙ ድምፅ የት ሄደ? ስፒከሬ ተቃጥሎ ይሆን?» ብዙ ጊዜ ስፒከሩ ደኅና ነው፤ ወፍራሙን ድምፅ የሚያጣው ጆሯችን ነው።

ድምፅ ሲቀነስ ከሁሉ በፊት የሚያመልጠን ወፍራሙ ነው። የቤል ላቦራቶሪዎቹ ፍሌቸርና መንሰን ይህን ለክተው በ1933 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። በዛሬው ዓለም አቀፍ መለኪያ 1000 ኸርዝ የሆነ መካከለኛ ድምፅ በ40 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) የሚሰማንን ያህል፣ ወፍራሙ 100 ኸርዝ እንዲሰማን ወደ 64 ዴሲቤል ገደማ ያስፈልገዋል። ድምፁ ከፍ ሲል ልዩነቱ እየጠበበ ይሄዳል። ላውድነስ የሚባለው የአምፕሊፋየር ቁልፍ የተሠራው ይህንን ጉድለት ለመሙላት ነው።

የቆዩ አምፕሊፋየሮችን ስትፈቱ፣ ላውድነስ ባለው ቮልዩም ላይ ለእያንዳንዱ ቻናል (ለግራውም ለቀኙም) ከሦስቱ እግሮች ሌላ አራተኛ እግር ታገኛላችሁ። ከእሱ ተነስተው ወደ ግራውንድ የሚወርዱ ሬዚስተርና ካፓሲተር አሉ፤ መካከለኛውን ድምፅ ያፈሳሉ፣ ወፍራሙን ይተዉታል። ስለዚህ ቁልፉ የሚሠራው ቮልዩሙ ዝቅ ሲል ነው፤ ከፍ እያለ ሲሄድ ውጤቱ ይጠፋል።

ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። ከአምፕሊፋየሩ ጋር ያገናኘውን ስልክ ድምፅ ግማሽ ላይ ይተውና የአምፕሊፋየሩን ቮልዩም ከግማሽ በላይ ያዞራል፤ ከዚያ ላውድነሱን ቢጫነው የሚለወጥ ነገር የለም። መጀመሪያ ቤዝና ትሬብሉን መሐል ላይ አድርጉ። የስልኩን ድምፅ ሳይበላሽ እስከሚችለው ድረስ ከፍ አድርጉት፤ ለማታ የሚበቃችሁን መጠን በአምፕሊፋየሩ ቮልዩም ቀንሱ። አሁን ላውድነሱን ተጫኑት፤ የበገናው ወፍራም አውታሮች ተመልሰው ይመጣሉ። ካልበቃ ቤዙን በጥቂቱ ጨምሩ።

አንዳንድ የያማሃ ሞዴሎች ላይ ላውድነሱ የሚዞር ነው። እሱን ፍላት (ላውድነሱ ምንም የማይሠራበት ቦታ) ላይ አድርጋችሁ ቮልዩሙን ልትሰሙ እስከምትፈልጉት ከፍተኛ መጠን ድረስ አውጡ፤ ከዚያ በኋላ ቮልዩሙን ሳትነኩ ድምፁን በላውድነሱ ብቻ ቀንሱ። በእኔ ጆሮ ከዚህ የተሻለ አሠራር የለም።

ለበዓል ወይም ለእንግዳ ድምፅ ስትጨምሩ ላውድነሱን አጥፉ። በተለይ ስፒከሩ ጥግ ላይ ከተቀመጠ፣ ግድግዳዎቹ ራሳቸው ወፍራሙን ስለሚያጎሉ ዘፈኑ ሁሉ ጉርምርምታ ይሆናል፤ የስፒከሩ ሸራም ያለ አግባብ ይለፋል።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም ወፍራሙ ድምፅ ካልመጣ፣ ከስፒከሮቹ ጀርባ ያለውን ሽቦ እዩ። አምፕሊፋየሩን አጥፍታችሁ በሁለቱም በኩል ቀዩ ከቀይ፣ ጥቁሩ ከጥቁር መታሰሩን አረጋግጡ። አንዱ ተገልብጦ ከታሰረ የግራና የቀኙ ወፍራም ድምፅ እርስ በርሱ ስለሚጠፋፋ ላውድነስ አያድነውም።